ብስክሌት ጭና ፓሪስ የገባችው መኪና

ፓሪስ፣ ሐምሌ 23 ቀን 1900 ዓ.ም.፣ ምሽት። ጭቃ የለበሰች፣ ክፍት የሆነች አንዲት የአሜሪካ መኪና ወደ መሃል ከተማ ትገባለች። ከኒውዮርክ ከተነሳች 169 ቀኗ ነው። ሰዉ ግራና ቀኝ ቆሞ ይጮኻል፣ ያጨበጭባል። መድረሻዋ ጋ ለመድረስ ትንሽ ሲቀራት አንድ ፖሊስ እጁን ዘርግቶ አስቆማት።

ጥፋቷ የመብራት ነው። የፊት መብራቷ አልተሟላም። በፓሪስ ደግሞ ማታ ያለ መብራት መንዳት ክልክል ነው። "ግማሽ ዓለም ዞረን መጣን እኮ!" ቢሉት፣ ሰዉ ቢለምነው፣ ፖሊሱ ወይ ፍንክች።

ይሄኔ አንድ ብስክሌተኛ ጠጋ አለ። የብስክሌቱን መብራት ሊሰጣቸው ነው። ሊፈቱት ታገሉ፤ አልፈታ አለ። ፈረንጅም ሲጨንቀው እንደኛው ነው፤ ብስክሌቱን ከነመብራቱ ብድግ አድርገው መኪናዋ ላይ ጫኑት። የፖሊሱም ሕግ ተከበረ። መኪናዋም በብስክሌት መብራት መድረሻዋ ገባች።

ይህን ያጫወትኩት ሰው ሁሉ "ከየትኛው ፊልም ነው?" ይለኛል። ከፊልም አይደለም። ፊልምስ ከዚህ ውድድር ተነስቶ ተሠርቷል፤ በፈረንጅ 1965 የወጣው "ዘ ግሬት ሬስ"፣ በእኛ "ታላቁ እሽቅድድም" ልንለው የምንችለው። የብስክሌቱ ነገር ግን ፊልሙ ውስጥ የለም። ፊልሙ ምን ወስዶ ምን እንደተወ ማየት ከጀመርኩ ወዲህ ዋናው ጉዳይ ብስክሌቱ እንዳልሆነ ገባኝ። የቀረ ሰው አለ። መኪናዋን ይነዳ የነበረው መካኒክ።

(ከዚህ በኋላ "ዓ.ም." ካላልኩ በቀር ዓመቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

ነጭ ለባሹና ጥቁር ለባሹ

ፊልሙን ላላያችሁት ባጭሩ። ዳይሬክተሩ ብሌክ ኤድዋርድስ ነው። ቶኒ ከርቲስ "ታላቁ ሌስሊ" ሆኗል፤ ከእግር እስከ ራሱ ነጭ የለበሰ፣ ሲስቅ ጥርሱ ብልጭ የሚል ጀግና። መኪናውም ነጭ ናት። ባላንጣው ፕሮፌሰር ፌት ነው፤ ጃክ ሌመን ይጫወተዋል። ጥቁር ልብስ፣ ጥቁር ባርኔጣ፣ ጥቁር ጺም። መኪናው መድፍ አላት፣ ጭስ ትለቃለች፣ አስፈላጊ ሲሆን ወደ ላይ ትነሳለች። ረዳቱ ማክስ ሆኖ የሚሠራው ፒተር ፎክ ነው። ፕሮፌሰሩ "ማክስ፣ ቁልፉን ተጫን!" ባለ ቁጥር የሚፈነዳው በራሳቸው ላይ ነው። ናታሊ ውድ ደግሞ ለሴቶች መብት የምትታገል ጋዜጠኛ ሆና ውድድሩ ውስጥ ትገባለች።

ከኒውዮርክ ፓሪስ ይሽቀዳደማሉ። መሃል ላይ የካውቦይ ከተማ ድብድብ አለ፣ የበረዶ ማዕበል አለ፣ በካርታ ላይ የሌለ የአውሮፓ መንግሥት አለ። ፊልሙ 160 ደቂቃ ይፈጃል። ለኮሜዲ ይረዝማል፤ እኔ በበኩሌ የቤተ መንግሥቱ ክፍል ላይ ሻይ ላፈላ ተነስቼ መጥቼ ምንም አልቀረብኝም። ፊልሙ ሲከፈት ለድሮዎቹ ጥንድ ኮሜዲያን ለሎሬልና ሃርዲ የተበረከተ መሆኑ ይጻፋል። ኤድዋርድስ የድሮውን የድምፅ አልባ ፊልም ሳቅ በቀለምና በትልቅ ስክሪን መመለስ ነበር የፈለገው። ውድድሩ ለዚህ ሰበብ ሆነለት።

ሰበቡ ግን ከቀልዱ የበለጠ ቀልድ ነበረው።

የካቲት 4፣ 1900 ዓ.ም.

በ1907 ለ ማተን የሚባለው የፓሪስ ጋዜጣ ከፔኪንግ ፓሪስ የመኪና ውድድር አዘጋጅቶ ነበር። የኢጣሊያው ልዑል ሺፒዮኔ ቦርጌዜ አሸነፈ። ጋዜጣው እንደ ጉድ ተሸጠ። ጋዜጣ ደግሞ አንዴ ከቀመሰ አይተውም፤ በዓመቱ ከኒውዮርክ ታይምስ ጋር ሆኖ የባሰውን ይዞ ብቅ አለ፤ ከኒውዮርክ ፓሪስ፣ በምዕራብ በኩል።

"ውቅያኖሱስ?" ትሉ ይሆናል። አዘጋጆቹ መልስ ነበራቸው። መኪናዎቹ አሜሪካን ያቋርጣሉ፣ ወደ አላስካ ይወጣሉ፣ ከዚያ በአላስካና በሳይቤሪያ መካከል ያለውን የቤሪንግ ወሽመጥ በረዶ ላይ እየነዱ ይሻገራሉ። ውድድሩ በክረምት እንዲጀመር የተደረገውም ለዚህ ነው፤ በረዶው ሳይቀልጥ ለመድረስ። መንገድ የሚባል ነገር እንኳን በአላስካ በአሜሪካ መሃል ባልተሟላበት ዘመን! ላም አለኝ በሰማይ ማለት ይህ ነው።

የካቲት 4 ቀን 1900 ዓ.ም.፣ በፈረንጅ ፌብሩዋሪ 12 ቀን 1908፣ ስድስት መኪናዎች ታይምስ ስኩዌር ላይ ተሰለፉ። ሦስቱ የፈረንሳይ፣ አንዷ የጀርመን፣ አንዷ የጣሊያን፣ አንዷ የአሜሪካ። 250,000 ያህል ሕዝብ ወጥቷል። የኒውዮርክ ከንቲባ በ5 ሰዓት ሽጉጥ ተኩሶ ሊያስጀምር ነበር። ከንቲባው ቀረ። ተጠበቀ፣ ተጠበቀ፣ በመጨረሻ ሩብ ሰዓት ካለፈ በኋላ አንድ ሌላ ሰው ሽጉጡን ተቀብሎ ተኮሰ። የሐበሻ ቀጠሮ እያልን ራሳችንን የምናማ ሰዎች ይህን ልብ ብንል ጥሩ ነው።

የሚገርመው፣ በዚያው ዓመት በእኛም አገር የመኪና ወሬ ነበር። ቤንትሌይ የሚባል እንግሊዛዊ ሲድሊ የምትባል መኪና ከጅቡቲ ተነስቶ በስንት መከራ አዲስ አበባ አስገብቶ ለአፄ ምኒልክ ያስረከበው በ1900 ዓ.ም. ነው። ብዙም ሳይቆይ ሆልትስ የሚባል ጀርመናዊ ሁለተኛዋን ይዞ መጣ። ኒውዮርክ ላይ ሕዝቡ መኪኖች ፓሪስ ይደርሳሉ አይደርሱም ብሎ ሲወራረድ፣ እዚህ ደግሞ ያለ ፈረስ የሚሄድ ሠረገላ ይታይ ነበር። ዘመኑ ለሁሉም አዲስ ነበር ለማለት ነው።

ወደ ውድድሩ ልመለስ። ፊልሙ ላይ ማክስ የሌሎቹን መኪናዎች ሌሊት ያበላሻቸዋል፤ ገና ከመነሳታቸው አንድ በአንድ ይፈራርሳሉ። እውነተኛው ውድድር አበላሽ አላስፈለገውም። ትንሿ የፈረንሳይ መኪና ሲዜር-ኖደን 155 ኪሎ ሜትር ያህል እንደሄደች ዲፍሬንሲያሏ ተሰብሮ ቀረች። ነጂዋ ኦጉስት ፖንስ ይባላል። ይህ ሰው ከአንድ ዓመት በፊት በፔኪንግ ፓሪስ ውድድር በሦስት ጎማ ተሽከርካሪ ጎቢ በረሃ ገብቶ ሊሞት የነበረ ነው። አንዳንድ ሰው ሲፈጥረው አይማርም። ሁለተኛዋ የፈረንሳይ መኪና ሞቶብሎክ አዮዋ ድረስ ተጎትታ ተወች።

የቀሩት አራቱ በበረዶ ውስጥ አሜሪካን ማቋረጥ ያዙ። መኪናዎቹ የፊት መስታወት የላቸውም። ማሞቂያ የላቸውም። ውሃው በረዶ ሆኖ ሞተሩን እንዳይሰነጥቀው በየማታው ራዲያተሩን ማፍሰስ፣ በየጠዋቱ መሙላት ግድ ነው። በረዶው ሲብስ ገበሬዎች በፈረስ ይጎትቷቸዋል፤ የሚያስከፍልም ነበር። አንዳንድ ቦታ የባቡር ሐዲዱ ላይ ወጥተው በእንጨቱ ላይ እየነጠሩ ሄደዋል። ከኩላሊት የሚተርፍ አይመስለኝም።

ጆርጅ የሚባለው ሰው

የአሜሪካዋ መኪና ቶማስ ፍላየር ትባላለች። የቡፋሎ ከተማ ፋብሪካ ሥሪት ነች፤ 4 ሲሊንደር፣ 60 የፈረስ ጉልበት። ለውድድር ተብላ የተሠራች አይደለችም። ውድድሩ ሊጀመር ጥቂት ቀናት ሲቀሩት "አሜሪካ ሳትወከል ልትቀር ነው" ተብሎ ለሽያጭ ከተዘጋጁት መካከል ተነስታ የመጣች ነች።

ስትነሳ መሪውን የያዘው ሞንታግ ሮበርትስ ነበር፤ ስመ ጥር የውድድር ነጂ። ከጎኑ የፋብሪካው ሰው ጆርጅ ሹስተር ተቀምጧል። ሥራው መኪናዋን በሕይወት ማቆየት ነው። ሮበርትስ ሸየን የምትባል ከተማ ሲደርስ ሌላ ውድድር አለብኝ ብሎ ወረደ። ሌላ ነጂ ተተካ። እሱም ወረደ፣ ሌላ ተተካ። ሹስተር ግን ከመኪናዋ አልወረደም። ሳን ፍራንሲስኮ ማርች 24 ገቡ፤ በ41 ቀን ከ8 ሰዓት ከ15 ደቂቃ። መኪና በክረምት አሜሪካን ከዳር እስከ ዳር ስታቋርጥ ያ የመጀመሪያው ነው። ከዚያ በኋላ መሪውን ራሱ ሹስተር ያዘ። ከኒውዮርክ እስከ ፓሪስ ከቶማስ ሰዎች መካከል ሙሉውን የሄደ እሱ ብቻ ነው።

ከሳን ፍራንሲስኮ በመርከብ ወደ አላስካ፣ ቫልዲዝ። የከተማው ሰው በሙዚቃ ተቀበላቸው፤ መኪና አይቶ አያውቅም ነበርና። ሹስተር ከአቀባበሉ በኋላ መኪናዋን አላስነሳም። መጀመሪያ በፈረስ ተንሸራታች ወጥቶ መንገዱን አየ። ያየው ሰው ቁመት የሚያስንቅ በረዶ ነው። መኪናዋን በታትኖ በውሻ ካልሆነ በቀር ማሳለፍ እንደማይቻል ገባው። ይህን ለአዘጋጆቹ በቴሌግራም አሳወቀ። የቤሪንግ ሕልም በዚሁ አበቃ፤ ሁሉም በመርከብ ወደ ጃፓን፣ ከዚያ ወደ ሩሲያዋ ወደብ ቭላዲቮስቶክ ይሂዱ ተባለ።

ፊልሙ እዚህ ላይ አንድ ጥሩ ነገር ያደርጋል። ሌስሊና ፕሮፌሰሩ በበረዶ ማዕበል ውስጥ ያድራሉ፤ ጠዋት ሲነሱ ከነመኪናቸው በተገነጠለ በረዶ ላይ ባሕር መሃል ይንሳፈፋሉ። በረዶው እየቀለጠ፣ እነሱ እየተጠጋጉ፣ በመጨረሻ ሩሲያ ዳርቻ ይደርሳሉ። የ1908 አዘጋጆች በወረቀት ላይ ያሰቡትን ኤድዋርድስ በስቱዲዮ ውስጥ ፈጸመላቸው ማለት ነው። የቀልዱ ምንጭ የስክሪፕት ጸሐፊ አይደለም፤ የጋዜጣ ቢሮ ነው።

ጀርመናዊቷ መኪና ፕሮቶስ ትባላለች። አዛዧ ሌተና ሃንስ ከፐን ነው፤ የጦር መኮንን። አብረውት የተነሱት ሁለቱ ሰዎች ቺካጎ ላይ ጥለውት ሄደው ነበር። መኪናዋ አሜሪካ ውስጥ ክፉኛ ተበላሽታ ወደ ሲያትል በባቡር ተጫነች። ይህ ደግሞ ሕግ መጣስ ነው። 15 ቀን ቅጣት ተቆጠረባት። ቶማስ ፍላየር በአንጻሩ አላስካ ድረስ ሄዳ ያባከነችው ጊዜ ታስቦ 15 ቀን ተጨመረላት። ይህን ሂሳብ ያዙልኝ።

ቭላዲቮስቶክ ላይ ሌላ ጉድ። ሦስተኛዋ የፈረንሳይ መኪና ዴ ዲዮን ከውድድሩ እንድትወጣ ባለቤቷ ወሰነ። አለቃዋ ሴን-ሻፍሬ ግን ፓሪስ ሳልገባ አልቀርም አለ። ምን አደረገ መሰላችሁ? ከተማው ውስጥ ያለውን ቤንዚን ገዝቶ ያዘ። ከዚያ ለተወዳዳሪዎቹ "ቤንዚን የሚፈልግ ወንበር ይስጠኝ" አላቸው። ስኳር ደብቆ ዋጋ የሚጠብቅ ነጋዴ በሏት! ሹስተር አልተቀበለውም። ሌላ ቦታ ቤንዚን ፈልጎ አገኘና ሄደ። ፊልሙ ላይ ፕሮፌሰር ፌት ካደረጋቸው ተንኮሎች ሁሉ ይህን የሚያህል አላየሁም።

ከከተማው እንደወጡ ፕሮቶስን ጭቃ ውስጥ ተሰንቅራ አገኟት። ባላንጣ ነው። አልፎ መሄድ ይቻላል፤ የሚከለክል ሕግ የለም። የቶማስ ሰዎች ቆሙና ጎትተው አወጧት። ከፐንም ሻምፓኝ ከፈተላቸው። ሳይቤሪያ ጭቃ መሃል፣ የጀርመን መኮንንና የአሜሪካ መካኒኮች ሻምፓኝ ሲጠጡ። ይህን ወስዶ ፊልም ውስጥ የማይጨምር ዳይሬክተር ምን ነካው ያሰኛል። ግን ይገባኛል፤ የኤድዋርድስ ፊልም ደግና ክፉ የሚፈልግ ፊልም ነው። ነጭ ለባሹ ነጭ፣ ጥቁር ለባሹ ጥቁር። ጭቃው ውስጥ ግን ሁሉም ቡኒ ነበሩ።

ከዚያ የማንቹሪያ ረግረግ፣ የሳይቤሪያ ዝናብ። ቶማስ ፍላየር የካምቢዮ ጥርሶቿ ተሰባብረው ቆመች። ሹስተር መለዋወጫ እስኪያገኝ ቀናት አለፉ፤ ፕሮቶስም ቀደመች። መለዋወጫ የሚጠብቅ ሰው የሚያውቀው ስሜት ነው፤ መኪናህ ከእግርህ ሥር ተዘርግታለች፣ ሌላው በፊትህ ያልፋል። ሹስተር ጠገነ፣ ተነሳ፣ ደግሞ ተሰበረች፣ ደግሞ ጠገነ።

ፕሮቶስ ፓሪስ የገባችው ጁላይ 26 ነው። በእኛ ሐምሌ 19፣ የገብርኤል ዕለት። ቶማስ ፍላየር በአራተኛው ቀን ደረሰች፤ ሐምሌ 23፣ የጊዮርጊስ ዕለት። ነጂዋ ጆርጅ መሆኑን አስታውሱ፤ ጓደኛው መካኒክ ሚለርም ጆርጅ ነው። ሰማዕቱ ስማቸውን ሰምቶ ይሆናል።

አራት ቀን ዘግይታ እንዴት አሸነፈች? ሂሳቡ ይኸው። ፕሮቶስ 15 ቀን ተቀጥታለች፣ ቶማስ 15 ቀን ተሰጥቷታል፤ 30 ቀን። አራቱ ሲቀነስ 26። በ26 ቀን ብልጫ አሸናፊ ቶማስ ፍላየር። ፊት የወጣን ጆሮ የኋላ የወጣ ቀንድ በለጠው። የጣሊያኗ ዙስት ሴፕቴምበር 17 ገባች፤ ለክብሯ እንጂ ለሽልማቱ አልነበረም።

ፊልሙም ይህን ግራ የተጋባ መጨረሻ በራሱ መንገድ ይዞታል። ሌስሊ ኤፍል ማማ ሥር፣ መስመሩ ጫፍ ላይ መኪናውን ያቆማል፤ ከውድድሩ ይልቅ ልጅቷን እንደሚወድ ሊያሳያት። ፕሮፌሰሩ አልፎ ያሸንፋል። ወዲያው ግን "እንዲህ አይነት ድል አልፈልግም፣ ከፓሪስ ኒውዮርክ እንደገና!" ይላል። ሲነሱም መድፉ ይተኩስና ኤፍል ማማን ይጥለዋል። ፊልሙም፣ እውነቱም ላይ መጀመሪያ የደረሰው ሰው ድሉን አላጣጣመም።

4,000 ኬክ

አሁን ፊልሙን ዝነኛ ያደረገው ትዕይንት። በሌለችው አገር ቤተ መንግሥት፣ መጋገሪያ ክፍል ውስጥ፣ የክሬም ኬክ መወራወር ይጀመራል። ነጭ፣ ቀይ፣ ሰማያዊ፣ ቢጫ። ስክሪኑ ላይ አራት ደቂቃ ቢሆን ነው። ለመቅረጽ ግን አምስት ቀን ፈጀ። 4,000 ኬክ አለቀ። ትዕይንቱ 200,000 ዶላር ገደማ በላ፤ ኬኩ ብቻውን 18,000 ዶላር።

ኬኩ የእውነት ኬክ ነው። ክሬሙ ክሬም ነው፣ ፍሬው ፍሬ ነው። መጀመሪያ ቀን ለተዋናዮቹ ጨዋታ ነበር። ችግሩ ቀጥሎ መጣ። በየቀኑ ቀረጻ ሲቆም ተዋናዮቹ ፎቶ ይነሳሉ፤ በማግስቱ ጠዋት ሰማያዊው ክሬም ጆሮ ላይ ከነበረ ጆሮ ላይ፣ ቀዩ አገጭ ላይ ከነበረ አገጭ ላይ እንደገና ይቀባሉ። ሰው ከቤቱ ታጥቦ መጥቶ የትናንቱን ቆሻሻ በልኩ ይቀባል። መሃል ላይ ደግሞ ቅዳሜና እሑድ ገባ። ሰኞ ተመልሰው በሩን ሲከፍቱ የተበላሸ ክሬም ሽታ ተቀበላቸው። ስቱዲዮው መታጠብና መናፈስ ነበረበት። ሠርግ ማግስት ያልተነሳ ድንኳን የሚያውቅ ሰው ሽታውን መገመት ይችላል።

በዚህ ሁሉ መሃል ሌስሊ በነጭ ልብሱ ይራመዳል። ኬክ በግራው ያልፋል፣ በቀኙ ያልፋል፣ አይነካውም። ቀልዱ ያ ነው፤ ሁሉም ሰው ሲጨማለቅ እሱ ንጹሕ ነው። በመጨረሻ አንዲት ኬክ ታገኘዋለች። የመጨረሻው ቀረጻ አልቆ ኤድዋርድስ "ቁረጥ!" ሲል ተዋናዮቹ ደብቀው ያቆዩትን ብዙ መቶ ኬክ እሱ ላይ አወረዱበት። የአምስት ቀን ብሶት ነው፤ አይፈረድባቸውም።

የፊልሙ በጀት ሲታሰብ 6 ሚሊዮን ዶላር አካባቢ ነበር። ሲጨረስ 12 ሚሊዮን ሆነ። እስከዚያ ዘመን ድረስ ከተሠሩት ኮሜዲዎች ሁሉ ውዱ። ተቺዎቹ አልተስማሙበትም፤ ገሚሱ ሳቀ፣ ገሚሱ በዛ አለ። ኦስካር አንድ አገኘ፣ በድምፅ ውጤት፤ የተሸለመው ትሬግ ብራውን ለዋርነር የካርቱን ፊልሞች ድምፅ ሲሠራ የኖረ ሰው ነው፤ ፊልሙ ሰው የተጫወተው ካርቱን መሆኑን ከዚህ በላይ የሚመሰክር የለም። በቀዝቃዛው ጦርነት ዘመን ሞስኮ ፌስቲቫል ላይም የብር ሽልማት ወሰደ። ከሦስት ዓመት በኋላ ደግሞ በቴሌቪዥን የመጣው የእብድ መኪናዎች ውድድር ካርቱን የፕሮፌሰር ፌትን ጺምና ተንኮል ይዞ ቀጠለ። ያ ጺማም ተንኮለኛና የሚስቀው ውሻው ትዝ የሚለው ሰው፣ ሥሩ እዚህ ነው።

1964፣ ሬኖ

የቶማስ ፋብሪካ ለሹስተር የዕድሜ ልክ ሥራ ቃል ገብቶለት ነበር። ፋብሪካው ግን ራሱ ዕድሜ አልነበረውም፤ ውድድሩን ካሸነፈ ጥቂት ዓመታት በኋላ ከሰረ። ንብረቱ በጨረታ ሲሸጥ ያቺ መኪና ከዕቃው ጋር አንድ ቁጥር ተለጥፎባት ተሸጠች። ከእጅ ወደ እጅ ዞረች።

በ1964 የኔቫዳው ባለሀብት ቢል ሃራ ገዛት። እዚያው ኔቫዳ ወዳለችው ሬኖ ከተማ አመጣት። ጥያቄው፣ እውነት እሷ ነች ወይ? ያረጀ ቶማስ ብዙ ሊኖር ይችላል። ሃራ የሚያውቀውን ሰው አስፈልጎ አስመጣ። ሹስተር 91 ዓመቱ ነበር።

ሽማግሌው መጀመሪያ አይቷት እርግጠኛ አልሆነም። መኪና በ56 ዓመት ብዙ ትለዋወጣለች። ሠራተኞቹ መፍታት ጀመሩ። ቀለሙ ተፋቀ፣ አካሉ ተነሳ፣ ሻንሲው ወጣ። ያኔ ነው የገዛ እጁን ሥራ ያገኘው። በመንገድ ላይ የጠገናቸውን ቦታዎች። መልኳ ሊጠፋው ይችላል፤ መካኒክ ግን ራሱ የጠገነውን ስንጥቅ አይረሳም። "ይቺው ናት" አለ።

እንግዲህ ልብ በሉ። በዚያው በ1964፣ በጎረቤቷ ካሊፎርኒያ ውስጥ፣ ዋርነር ብራዘርስ የሌስሊን ነጭ መኪና እየሠራ ፊልሙን ይቀርጽ ነበር። ያቺ መኪና ቶማስ ፍላየርን እንድትመስል ነው የተሠራችው። ቅጂዋ ስቱዲዮ ውስጥ ስታብረቀርቅ፣ ዋናዋ ሬኖ ውስጥ ተበታትና የ91 ዓመት ሽማግሌ ሻንሲዋን ይደባብስ ነበር።

ኤድዋርድስን አልወቅሰውም። ኮሜዲ ጀግና ይፈልጋል፣ ጀግናው ደግሞ እንዲስቅበት ንጹሕ መሆን አለበት። ኬኩ ነጭ ልብስ ላይ ካላረፈ አያስቅም። መካኒክ ላይ ኬክ ብትወረውሩ ማን ያውቃል? ግን ፊልሙን አሁን ሳየው ዓይኔ ሌስሊ ላይ አይቆምም። ማክስ ላይ ነው። እንደ ጀግና አይታይም፣ ተንኮሉ ሁሉ ይከሽፍበታል፣ ሲሰበር የሚጠግነው ግን እሱ ነው። ፎክ ይህን ሰው ሲጫወተው ትንሽ ሹስተር ሾልኮ የገባ ይመስለኛል።

ሃራ መኪናዋን አድሶ አዲስ አላደረጋትም። ፓሪስ በገባችበት ሁኔታ እንድትመስል ነው ያደረገው። ዛሬ ሬኖ በሚገኘው የመኪና ሙዚየም ውስጥ ቆማለች። ብስክሌቱ ብቻ ነው የሌለው።

ለሹስተር ደግሞ ከውድድሩ ጋር በተያያዘ ቃል የተገባለት 1,000 ዶላር ነበር። ዓመታት አለፉ። ፋብሪካው ከሰረ፣ ሁለት የዓለም ጦርነቶች መጥተው ሄዱ፣ ፊልሙም ወጣ። በ1968 ኒውዮርክ ታይምስ ገንዘቡን ሰጠው። 60 ዓመት ዘግይቶ፣ በ95 ዓመቱ። የኬኩን ሂሳብ አስታውሳችሁ ከሆነ፣ 18,000 ነበር።